አንቷን ዳባዲ እና በደጋው ላይ የተዘረጉት ጎነ ሦስቶች

አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ ያደገው ግን በፈረንሳይ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ ለአጭር ጊዜ ወደ አውሮፓ ከመመለሱ በስተቀር እስከ 1848 ድረስ በኢትዮጵያ ቆየ።

በአውሮፓ የቅየሳ ሥራ የሚጀመረው በሜዳ ላይ የመነሻ መስመርን በዘንግ በመለካት ነበር። ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም እንዳለው ያለ፣ በዓባይ ገባሮች ሸለቆ በተቆራረጠ ደጋ ይህ አሠራር ለብቸኛ መንገደኛ የሚቻል አልነበረም። ዳባዲ በምትኩ የሁለት ተራራቂ ቦታዎችን ኬክሮስ ከከዋክብት፣ የመስመሩን አቅጣጫ ደግሞ በቴዎዶላይት ወስዶ ርቀቱን በስሌት አገኘ። መስመሩ ወደ ሰሜንና ደቡብ በተጠጋ ቁጥር ስሌቱ ይበልጥ ይታመናል።

ከዚህ በኋላ የጎነ ሦስቱ ዓይነት ወሳኝ ይሆናል። ሦስቱ ጎኖች ሲቀራረቡ የዘዌ ስሕተት ብዙም አይሰፋም። አንዱ ዘዌ እጅግ ሹል ሆኖ ሁለት የእይታ መስመሮች በጠባቡ ሲገናኙ ግን ትንሿ ስሕተት የተራራውን ቦታ አርቃ ትወስደዋለች። መንገደኛ ደግሞ የሚቆምበትን ኮረብታ ሁልጊዜ አይመርጥም። ባልተወጣ ተራራ ላይ ያለው ሦስተኛ ዘዌ ከ180 ዲግሪ በመቀነስ ብቻ ስለሚገኝ፣ የሦስቱ ድምር ለማረጋገጫ አያገለግልም። ይህ የአሠራሩ እውነተኛ ድካም ነው። ዳባዲ ያካካሰው አንዱን ተራራ ከብዙ ቦታዎች ደጋግሞ በማየት ነበር።

ወደ ከፋ መጓዙን እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ በይፋ ተጠራጠረ። ለዳባዲ ከባድ ክስ ነበር፤ ከምጽዋ እስከ ከፋ የተያያዘው የልኬት ሰንሰለት በተጓዡ ቃል ላይ የቆመ ነውና። ልኬቶቹ በሮዶልፍ ራዶ ተመርምረውና ተሰልተው ከ1860 እስከ 1873 «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል በፈረንሳይኛ ታተሙ። መዝገቡ ጥሬውን ንባብ ጭምር ስለያዘ ሌላ ሰው እንደገና ሊያሰላው ይችላል።

በአንድ ነገር ግን ቢክ ትክክል ነበር፤ ዳባዲ የጊቤን ምንጭ የነጭ ዓባይ ምንጭ አድርጎ ወስዶታል። ስሕተቱ ከዘዌው ሳይሆን፣ ወንዙ ዝቅ ብሎ ወዴት እንደሚፈስ ሳያይ ከደረሰበት ድምዳሜ የመጣ ነው።

ዳባዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1881 አሳተመ፤ በ1892 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1897 በፓሪስ ሲያርፍ፣ በአንዳይ ያሠራው የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ቤተ መንግሥት ከነከዋክብት መመልከቻው ቀድሞ ባደረገው ስጦታ የአካዳሚው ንብረት ሆነ።