አልፍሬድ ቬገነር እና የአፋር መሬት

አልፍሬድ ቬገነር እ.ኤ.አ. በ1880 በበርሊን ተወለዱ። በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙት እኚህ የአየር ሁኔታ ተመራማሪ፣ አህጉራት ቀድሞ አንድ ሆነው ኋላ እንደ ተለያዩ እ.ኤ.አ. በ1912 ይፋ አደረጉ። የአፍሪካና የዓረቢያ ዳርቻዎች ሲገጣጠሙ የአፋር ምድር ትርፍ ሆኖ ይታይ ነበር። ቬገነር በመጽሐፋቸው ከአንኮበር እስከ ምጽዋ ያለው ሦስት ማዕዘን በቅርብ ዘመን እሳተ ገሞራ የተሸፈነ መሆኑን ጠቅሰው፣ ይህ ቢነሣ ዳርቻዎቹ እንደሚገጥሙ አስረዱ። ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ውርጌሳ በዚሁ ሦስት ማዕዘን ምዕራባዊ ጠርዝ ትገኛለች።

አህጉራትን የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል ማሳየት ባለመቻላቸው ብዙ ሊቃውንት ሐሳባቸውን አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ በምርምር ጉዞ ሳሉ በ50 ዓመታቸው ዐረፉ።

የውቅያኖስ ወለል እንደሚሰፋ የተረጋገጠው ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በሚገናኙበት በአፋር የመሬት ቅርፊት እየተሳበ ይሳሳል፤ ክፍተቱንም ቅልጥ አለት ይሞላዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ።

በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ የሚገነቡ ቤቶች የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋሙ የሚፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።