ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ በሽምግልና ለመጣ ጥሪ የታዘዙ ደቀ መዝሙር

ስለ ደቀ መዝሙርነት ስናስብ፥ በሐይቅ ዳር መረባቸውን ትተው የተነሡት ሐዋርያት ይታወሱናል። ጥሪው የመጣው ግን ሰው በዕድሜ ከገፋ፥ በትምህርቱ ከተከበረና ወንበር ከዘረጋ በኋላ ቢሆንስ? ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ፥ ከሲሪንቃም እስከ ወልድያ ለምንኖር ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ሩቅ አይደለም፤ ሕይወታቸውን ለክርስቶስ የሰጡት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ያረፉት በወሎ ምድር ነውና።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጎጃም፥ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ቢጠፋም ለትምህርት የነበራቸው ፍቅር አልቀነሰም። በመርጡለ ማርያም ተምረው መነኰሱ። የምንኵስና ሕይወት ከጥንቱ ሥርዓት ርቆ በማየታቸው አዘኑ፤ ምክንያቱንም ለመረዳት ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ መጻሕፍትን መረመሩ። በጎንደርም የታወቁ መምህር ሆኑ። ነገር ግን ክብራቸው ጥያቄያቸውን አላስቀረውም።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኞችን ወደ ግብፅ ሲልኩ፥ አባ ገብረ ሚካኤልም አብረው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ ጋር የተጓዙት የላዛሪስት ማኅበር ካህን የነበሩት ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ናቸው፤ እኛ አቡነ ያዕቆብ ብለን የምንጠራቸው ቅዱስ። ከግብፅ ቀጥሎ ሮም ደርሰው በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። ሊቁ መነኵሴ በጉዞው ሁሉ የዚያን ትሑት ካህን አነጋገርና አኗኗር ይመለከቱ ነበር። ሆኖም ወዲያው አልወሰኑም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ጠየቁ፥ ተከራከሩ፥ መረመሩ። በመጨረሻም በ1844 ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆኑ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ለብዙ ዓመታት ሌሎችን ያስተማረ ሰው እንደገና ተማሪ ሆኖ መቀመጥ ቀላል አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ይህን በደስታ ተቀበሉ። በዓጋመ፥ በጓላ በተቋቋመው የካህናት ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ለትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ዝግጅትም አቡነ ያዕቆብን በግዕዝና በአማርኛ ዕውቀታቸው ረዱ። በጥር 1 ቀን 1851፥ በ60 ዓመት ገደማ፥ ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ክህነትን ተቀበሉ።

ፈተናው ብዙ አልዘገየም። በሐምሌ 1854 በጎንደር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ታሰሩ። ከእስር የሚፈታቸው እምነታቸውን መካድ ብቻ ነበር፤ እርሳቸው ግን በግርፋትም በረሃብም አልተናወጡም። በ1855 የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ወሎ ሲዘምቱ፥ ሽማግሌው መነኵሴ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለፍርድ ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስላማለዱላቸው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የሰይፍ ሞት ቀረላቸው፤ የዕለት ዕለቱ ሞት ግን ቀጠለ። በነሐሴ 28 ቀን 1855፥ ሰንሰለታቸውን እንደ ታሰሩ፥ በወሎ ጨረቻ ገባባ በተባለው ስፍራ ዐረፉ። በጥቅምት 3 ቀን 1926 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናቸውን ዐወጁ።

የዚያን ዘመን ጠብ የምናነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ዛሬ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር በአንድ መንደር እንኖራለን፤ ለቅሶውም ሠርጉም የጋራችን ነው። ከብፁዕ አባታችን የምንማረው እውነትን በቅንነት መፈለግን፥ ካገኙትም በኋላ ማንንም ሳይጠሉ ዋጋውን መክፈልን ነው።

በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል መኖሩን ሁላችን እናውቃለን፤ ዘር እዚያ ይፈተናል፥ ይመረጣል። ገበሬውም የተመረጠውን ዘር በጎተራ አያኖረውም፤ ለመሬት ይሰጠዋል እንጂ። አባ ገብረ ሚካኤልም እንዲሁ ተፈትነው ለወሎ ምድር የተሰጡ ዘር ናቸው። እንግዲህ ጊዜው አልፎብኛል፥ አርጅቻለሁ፥ እኔ መምህር እንጂ ተማሪ አይደለሁም የምንል ሁሉ እኚህን አባት እንመልከት። ጌታ በማንኛውም ሰዓት ይጠራል፤ የእኛ ድርሻ ተነሥቶ መከተል ነው። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።