ከከረሜላ ፋብሪካ እስከ ቲ-34 ታንክ፤ የመሐንዲስ ሚኻኢል ኮሽኪን ሕይወትና ሥራ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሰለፉት ታንኮች መካከል ቲ-34 የሚባለውን ስም ያልሰማ የሙያ ባልደረባ ይኖራል ተብሎ አይገመትም። ይህን ታንክ ከንድፍ ወረቀት አንሥቶ እስከ ፋብሪካ ምርት ያደረሰውን መሐንዲስ ስም የሚያስታውሱት ግን ብዙዎች አይደሉም። ሚኻኢል ኢሊች ኮሽኪን የኖረው 41 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ በመሐንዲስነት የሠራው ከ7 ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው። የሕይወት ታሪኩን በዚህ መጽሔት ማቅረብ ያስፈለገው የጦር መሣሪያን ለማሞገስ አይደለም። አንድ የንድፍ ኃላፊ ምን መጨመር እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ምን መተው እንደሚገባው መወሰንና በውሳኔው መጽናት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የኮሽኪን ሕይወት በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሽኪን በታኅሣሥ ወር 1898 በሩሲያ በያሮስላቭል አውራጃ፣ ብሪንቻጊ በምትባል መንደር ከድኻ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱን በሕፃንነቱ በሞት ስላጣ ገና 11 ዓመት ገደማ ሲሆነው እንጀራ ፍለጋ ወደ ሞስኮ ሄዶ በአንድ የከረሜላ ፋብሪካ ተቀጠረ። በዚያም የከረሜላ አሠራር ሙያ ተማረ። በ1917 ለውትድርና ተመልምሎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቆሰለ በኋላ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን በቀይ ጦር ውስጥ አገልግሏል። ከ1921 እስከ 1924 በሞስኮ በስቨርድሎቭ ኮሚኒስት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ወደ ቪያትካ ከተማ ተላከ። እዚያም የሚያውቀውን ሙያ በመያዝ በመጀመሪያ የአንድ ከረሜላ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ቀጥሎም በፓርቲ ሥራ ላይ ተሰማራ።

ኑሮው የተደላደለና ሹመቱም እያደገ የሚሄድ ሰው በ30 ዓመቱ ሁሉንም ትቶ እንደገና ከተማሪዎች ወንበር ላይ ይቀመጣል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ኮሽኪን ግን በ1929 ሌኒንግራድ ወደሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። በ1934 በአውቶሞቢልና በትራክተር ምሕንድስና ተመርቆ በዚያው ከተማ በሚገኝ የታንክ ንድፍ ክፍል ሥራ ጀመረ። በዚህ ክፍል የመድፍ ጥይትን ለመቋቋም የሚችል ወፍራም የብረት ልባስ ያለው የሙከራ ታንክ በመንደፍ ሥራ ተካፈለ። ለዚህም አገልግሎቱ በ1936 የቀይ ኮከብ ኒሻን ተሸለመ። የታንክ ልባስ የጠብመንጃን ጥይት ብቻ ሳይሆን መድፍንም መመከት አለበት የሚለው እምነቱ የተመሠረተው በዚህ ጊዜ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1936 መጨረሻ ኮሽኪን በዛሬይቱ ዩክሬን ወደምትገኘው ካርኮቭ ተዛውሮ፣ የባቡር ሞተር ይሠራ በነበረው ፋብሪካ ቁጥር 183 የታንክ ንድፍ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ ለማንም የሚያስጎመጅ አልነበረም። ፋብሪካው ያመርታቸው የነበሩት ቢቲ-7 የተባሉት ፈጣን ታንኮች ካምቢዮ እየተሰባበረ ብዙ አቤቱታ ቀርቦበት ነበር። የቀድሞው ኃላፊ አፋናሲ ፊርሶቭ በዚሁ ምክንያት ከሥራው ተነሥቶ በ1937 ታሰረና ከእስር ሳይመለስ ቀረ። የናፍጣውን ሞተር ያዘጋጀው ክፍል መሪ ኮንስታንቲን ቼልፓንም እንዲሁ ታስሮ በ1938 ተገደለ። ኮሽኪን የገባበት ቢሮ እንግዲህ ስሕተት እንደ ወንጀል የሚቆጠርበት፣ የሠሩ ሰዎች ስም ከሰነድ የሚፋቅበት ቢሮ ነበር። ሆኖም እነዚህ ሰዎች የተዉትን ሥራ አልጣለውም። እነሱ ያሠለጠኗቸውን ወጣት መሐንዲሶች፣ በተለይም አሌክሳንደር ሞሮዞቭንና ኒኮላይ ኩቼሬንኮን በዙሪያው አሰባስቦ የካምቢዮውን ችግር ለማስወገድ ተነሣ።

ዋናው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቢቲ ታንኮች የተመሠረቱት ዎልተር ክሪስቲ በተባለ አሜሪካዊ ንድፍ ላይ ሲሆን፣ በሰንሰለትም ሆነ ሰንሰለቱን አውልቆ በጎማ ለመሄድ እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ነበሩ። ይህ ሐሳብ የተወለደው የዚያ ዘመን ሰንሰለት ቶሎ ያልቅ ስለነበረ ነው። የጦሩ ባለሥልጣኖች በ1937 ከካርኮቭ የጠየቁት አዲስ ታንክም በጎማና በሰንሰለት የሚሄድ እንዲሆን ታዞ ነበር። ኮሽኪንና ባልደረቦቹ ትእዛዙን ተቀብለው ኤ-20 የተባለውን ንድፍ ሠሩ፤ ነገር ግን በሥራው መካከል አንድ ነገር ተገለጸላቸው። ጎማዎቹን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎችና ማርሾች ክብደት ይጨምራሉ፣ ቦታ ይሻማሉ፣ ለመሥራትና ለመጠገንም ያስቸግራሉ። የሰንሰለቱ ዕድሜ እየተሻሻለ ሲሄድ ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ የሚከፈልበት ምክንያት እየጠፋ ነበር። የጎማው መንጃ ቢወገድ የሚተርፈው ክብደት ወደ ወፍራም ልባስና ወደ ትልቅ መድፍ ሊዛወር ይችላል።

በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቀጭን ልባስ ያላቸው ታንኮች በአነስተኛ ፀረ ታንክ መድፍ ሲበሱ ታይቶ ስለነበረ የኮሽኪን ሐሳብ መሠረት ነበረው። ቢሆንም የተሰጠን ትእዛዝ ቀይሮ ማቅረብ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ኮሽኪን የታዘዘውን አልሠራም አላለም፤ የራሱንም ሐሳብ አልደበቀም። ሁለቱም ንድፎች በናሙና ተሠርተው በመስክ እንዲፈተኑ በ1938 ለበላይ አካል አቀረበ፤ ተፈቀደለትም። በ1939 በጎማና በሰንሰለት የሚሄደው ኤ-20 እና በሰንሰለት ብቻ የሚሄደው ኤ-32 ጎን ለጎን ተፈተኑ። በፍጥነት ረገድ ብዙ ልዩነት አልታየባቸውም። ትልቁ ልዩነት ኤ-32 ተጨማሪ ክብደት ለመሸከም መቻሉ ነበር፤ ተጨማሪ ጭነት ተደርጎበት ሲፈተንም ችሎ ተገኘ። በታኅሣሥ 19 ቀን 1939 የመከላከያ ኮሚቴው የልባሱ ውፍረት ወደ 45 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ታንኩ ቲ-34 በሚል ስም ለጦሩ እንዲሰጥ ወሰነ።

የታንኩን ዋና ዋና ባሕርዮች በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። የ1940ው ቲ-34 ክብደቱ 26 ቶን ገደማ ሲሆን አራት ሰዎችን ይይዝ ነበር። የፊት ልባሱ 45 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም ከቀጥታው 60 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ስለተጋደመ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ ጥይት ሊያልፍበት የሚገባው የብረት ውፍረት 90 ሚሊሜትር ይደርሳል። መድፉ 76.2 ሚሊሜትር ነበር። ቪ-2 የተባለው ባለ 12 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር 500 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ በመንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎሜትር ያህል ለመሄድ ያስችለዋል። ሰንሰለቱ ሰፊ በመሆኑ በጭቃና በበረዶ ላይ አይሰምጥም። የክሪስቲ ሞላዎች ግን እንደ ቀድሞው በጎን ግድግዳው ውስጥ ስለቀሩ የውስጡን ቦታ አጣበውት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቲ-34 ታንኮች በ1940 መጀመሪያ ተሠርተው ሲያልቁ በመንግሥት መሪዎች ፊት ከመቅረባቸው በፊት የሚፈለግባቸውን የኪሎሜትር መጠን ገና አልሸፈኑም ነበር። ስለሆነም በመጋቢት ወር በባቡር ከመጫን ይልቅ በራሳቸው ጉልበት ከካርኮቭ እስከ ሞስኮ እንዲሄዱ ተወሰነ። ኮሽኪን ጉንፋን ይዞት ሳለ ከታንኮቹ ጋር ተጓዘ። ለምስጢር ሲባል ዋና መንገድ እየተተወ ጉዞው በበረዶ መካከል ተካሄደ፤ በመንገድም ብልሽት ደርሶ ተጠገነ። በመጋቢት 17 ቀን ታንኮቹ በክሬምሊን አደባባይ ታዩ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ምርቱ እንዲጀመር ተፈቀደ።

ጉዞው ለታንኩ ፈተና ሲሆን ለነዳፊው ግን የሞት መንገድ ሆነ። ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ። ኮሽኪን ከሞስኮ ከተመለሰ በኋላም ዕረፍት ሳያደርግ የምርቱን ዝግጅት ይከታተል ስለነበረ በሽታው ጸናበት። ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም በካርኮቭ አጠገብ በሚገኝ የማገገሚያ ቤት በመስከረም 26 ቀን 1940 ዐረፈ። በዚያን ጊዜ ከፋብሪካው የወጡት ታንኮች ጥቂት ነበሩ። ጀርመን በሰኔ ወር 1941 ሶቪየት ኅብረትን ስትወር የቲ-34 ቁጥር አንድ ሺህ ያህል ደርሶ ነበር።

ሥራውን የተረከበው ሞሮዞቭ ነው። ፋብሪካው በ1941 ከካርኮቭ ተነቅሎ ከኡራል ተራሮች ማዶ ወዳለችው ወደ ኒዥኒ ታጊል ሲሸሽ የንድፍ ክፍሉም አብሮ ሄደ። ታንኩ እንከን የሌለው አልነበረም። አዛዡ መድፍ ተኳሽም ስለነበረ ዙሪያውን ለማየት ጊዜ አያገኝም፤ ካምቢዮው ለነጂው ከባድ ነበር፤ ብዙዎቹ ታንኮች ሬዲዮ አልነበራቸውም። እነዚህ ጉድለቶች በጦርነቱ ዓመታት ቀስ በቀስ ታረሙ። ካምቢዮው ከአራት ወደ አምስት ማርሽ ተለወጠ። በ1944 ደግሞ 85 ሚሊሜትር መድፍና ሦስት ሰው የሚይዝ ተዟዟሪ ማማ ያለው፣ 32 ቶን የሚመዝነው ቲ-34-85 ወጣ። በዚሁ አካል ላይ ኤስዩ-122፣ ኤስዩ-85 እና ኤስዩ-100 የተባሉት ማማ የሌላቸው ባለ መድፍ ተሽከርካሪዎች ተሠሩ፤ እሳት የሚተፋም ዓይነት ነበረው። የንድፉ ቀላልነት ከምንም በላይ የጠቀመው በምርት ላይ ነው። ኢቭጌኒ ፓቶን ያዘጋጀው አውቶማቲክ ብየዳ ሥራ ላይ ሲውል ምርቱ ተፋጠነ፤ የአንዱ ታንክ ወጪም በጦርነቱ ዓመታት ወደ ግማሽ ወረደ። በጦርነቱ ዘመን ከ50,000 በላይ ቲ-34 ተመርቷል።

ሞሮዞቭ ይህን ልምድ ይዞ ቲ-44ን ነደፈ፤ ከእሱም የቲ-54 እና የቲ-55 ታንኮች ዝርያ መጣ። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን በተደረገው ጦርነት የተሰለፉት ቲ-34 እና ቲ-55 ታንኮች ከዚሁ ከካርኮቭ ቢሮ የዘር ሐረግ የወጡ ናቸው።

ኮሽኪን ከሞተ በኋላ በ1942 ከሞሮዞቭና ከኩቼሬንኮ ጋር የስታሊን ሽልማት ተሰጠው። የሶሻሊስት ሥራ ጀግና የሚለውን ማዕረግ ያገኘው ግን ከሞተ 50 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1990 ነው። ፊርሶቭና ቼልፓን ግን ለብዙ ዘመን በታንኩ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ሳይነሣ ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር ቲ-34 የአንድ ሰው ፍሬ አይደለም፤ ሞተሩ የእነ ቼልፓን፣ የሞላው አሠራር የክሪስቲ፣ ቀደም ሲል ቢሮውን የመራውና ወጣቶቹን ያሠለጠነው ፊርሶቭ ነው። የኮሽኪን ድርሻ እነዚህን ሁሉ አገናኝቶ አላስፈላጊውን ማስወገዱና ለዚያም ውሳኔ ኃላፊነቱን በራሱ ላይ መውሰዱ ነው። የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖር መሐንዲስ ከፊርማው በላይ ያሉትን ስሞችም መዘንጋት የለበትም፤ ቢሮው ታሪኩን ሲጽፍ እነዚያን ስሞች በቦታቸው ማኖር የሙያው ግዴታ ነውና።