ስማቸውን በብረት ላይ ያስቀረጹት ማርሻል

የጥንት የጦር መሣሪያ መሰብሰብ የሚወዱ ሰዎች አንድ የቆየ ሽጉጥ ባገኙ ጊዜ አስቀድመው የሚመለከቱት በጎኑ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ነው፤ ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንደ ነበረ የሚናገረው እርሱ ነውና። በቤጂንግ በሚገኘው የቻይና ሕዝብ አብዮት የጦር ሙዚየም ከተቀመጡት ሽጉጦች በአንዱ ላይ 10 የቻይና ፊደላት ተቀርጸውበታል። ፊደላቱም የናንቻንግ አመፅ መታሰቢያ መሆኑንና ባለቤቱ ቹ ቴ መሆናቸውን ያስረዳሉ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው የእኚህን ሰው ታሪክ ሲሆን ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቹ ቴ በ1886 በሴቹዋን አገር ከጭሰኛ ቤተ ሰብ ተወለዱ። እናታቸው 13 ልጆች ወልደው ለማሳደግ የቻሉት 8ቱን ብቻ ነበር። ቤተ ሰቡ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ይህን ልጅ ያስተማረው፥ ከባለ ርስትና ከግብር ሰብሳቢ በደል የሚከላከልለት አንድ የተማረ ሰው እንዲኖረው ነው።

ልጁም በ1909 ከዩናን የጦር ትምህርት ቤት ገብተው፥ በ1911 የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ባፈረሰው አብዮት ተካፍለው፥ የብርጌድ አዛዥ እስከ መሆን ደረሱ። ነገር ግን ሹመቱ ከፍ ሲል ሰውዬው ዝቅ እያሉ ሄዱ። የጦር አበጋዞች እርስ በርሳቸው ሲፋጁ እርሳቸውም ከእነርሱ እንደ አንዱ ሆነው ሀብት አከማቹ፤ የኦፒየም ሱስም ያዛቸው። በ1922 ሹመቱንም ሱሱንም ትተው ሻንጋይ ወረዱና ወደ ኮሙኒስት ፓርቲ ለመግባት ጠየቁ፤ የፓርቲው መሪ ግን አበጋዝ የነበረን ሰው አላምንም ብሎ መለሳቸው። ጄኔራሉ ባሕር ተሻግረው በርሊን ደረሱ፤ በዚያም በዕድሜ 12 ዓመት የሚያንሳቸው ቹ ኤን ላይ ተቀብሎ አስገባቸው። ከዚያ በኋላ በጎቲንገን ከተማ ደብተር ይዘው እንደ ማንኛውም ተማሪ ተቀመጡ።

ሽጉጡም የጀርመን ሥራ ነው። ማውዘር የሚለው ስም ለአገራችን አርበኞች እንግዳ አይደለም። ይህ ዓይነቱ 10 ጥይት ይጎርሳል፤ የእንጨት አፎቱም ከመያዣው ጋር ሲገጠም ሰደፍ ይሆንና እንደ ጠመንጃ ከትከሻ ተደግፎ ይተኮሳል። ታላላቆቹ መንግሥታት በ1919 ለቻይና የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ቢስማሙም ማውዘር መግባቱን አላቆመም፤ በታይዩዋን የነበረውም ፋብሪካ በ11.43 ሚሊሜትር ጥይት እያስመሰለ ይሠራው ነበር። ሰብሳቢዎች ይህን የታይዩዋን ሥራ ዛሬ አጥብቀው ይፈልጉታል።

በ1927 ቹ ቴ በናንቻንግ የፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ጁላይ 31 ማታ የባላጋራውን ጦር አዛዦች ራት ጋብዘው ሲያጫውቱ አመሹ፤ ሌሊቱን ተኩስ ተከፈተና ከተማው ተያዘ። ይሁን እንጂ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልቀቅ ግድ ሆነ። ከ20 ሺህ በላይ ከነበረው ሠራዊት በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቹ ቴ ጋር የቀረው 800 ያህል ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ቀን በሽጉጥ ላይ የሚያስቀርጽ ሰው ብዙ አይገኝም፤ ሰው የሚያስቀርጸው ድሉን ነውና። ከቀሩት መካከል ሊን ፒያዎ የሚባል ወጣት መኮንን ነበረ።

በ1928 እነዚህ ሰዎች በቺንግካንግ ተራራ ከማኦ ሴ ቱንግ ጋር ተገናኙ። እህል ከሸለቆ ወደ ተራራ በትከሻ ሲጋዝ አዛዡም አብረው ይሸከሙ ነበር። ወታደሮቹ አዝነው የመሸከሚያ እንጨታቸውን ቢደብቁባቸው ሌላ ሠሩና ስማቸውን ጻፉበት። ከዚያ ወዲህ ያለው የታወቀ ነው፤ በ1937 ጃፓንን የወጋው የ8ኛው ጦር አዛዥ ሆኑ፤ በ1955 ከ10ሩ ማርሻሎች የመጀመሪያው ተባሉ።

ከ1966 በኋላ በባህል አብዮት ዘመን ሽማግሌው ተዋረዱ። በተማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ የነበረው የእንጨቱ ታሪክ እንኳ ለሊን ፒያዎ ተሰጠና ሕፃናት ያን ሸክም የተሸከመው ሊን ፒያዎ ነው ብለው ተማሩ። በሽጉጡ ላይ ያለው ስም ግን ከብረት ላይ ነበርና እንዳለ ቆየ። ሊን ፒያዎ በ1971 በሞንጎሊያ ምድር አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ፤ እንጨቱም ለባለቤቱ ተመለሰ። ቹ ቴ ጁላይ 6 ቀን 1976 በ89 ዓመታቸው አረፉ።