ቴዎዶር ቢልሃርዝ

ቴዎዶር ማክሲሚልያን ቢልሃርዝ (ማርች 23 ቀን 1825 – ሜይ 9 ቀን 1862 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊ ሐኪምና የአናቶሚ መምህር ነበር። ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ የተሰየመው በእሱ ነው። ቢልሃርዝ የቤተሰቡ መጠሪያ እንጂ እንደ እኛ አገር የአባቱ ስም አይደለም።

ሕይወቱ

በደቡብ ጀርመን በሲግማሪንገን ከተማ ተወለደ። ሕክምናን በፍራይቡርግና በቱቢንገን ተማረ። በ1850 እ.ኤ.አ. መምህሩ ቪልሄልም ግሪዚንገር በግብፅ መንግሥት ተቀጥሮ ወደ ካይሮ ሲሄድ ረዳቱ አድርጎ ወሰደው። ግሪዚንገር ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ ቢልሃርዝ እዚያው ቀረ።

በ1851 በቃስር አል-ዓይኒ ሆስፒታል አስከሬን ሲመረምር፣ ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚያደርሰው ሥር ውስጥ ነጭ ትል አገኘ። ወንዱ ትል ሴቷን በሰውነቱ ስንጥቅ ውስጥ አቅፎ ይኖራል። ግኝቱን ለቀድሞ መምህሩ ለካርል ቴዎዶር ፎን ዚቦልት በደብዳቤ አሳወቀ። ቀጥሎም ትሉ በግብፅ ብዙ ሰው ከሚታመምበት ደም የመሽናት ሕመም ጋር እንደሚገናኝ አሳየ። በ1856 የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1857 ደግሞ በናይል ስለሚኖረው ኤሌክትሪክ አመንጪ አምባዛ መጽሐፍ አሳተመ።

በ1862 የሳክስ-ኮቡርግና ጎታው መስፍን ኤርንስት 2ኛ ወደ ምጽዋ ሲጓዝ ቢልሃርዝ በሐኪምነት አብሮ ሄደ። በዚሁ ጉዞ ታይፈስ ይዞት ካይሮ እንደተመለሰ በ37 ዓመቱ ሞተ።

ስሙ በፊደል

በ1858 ዳቪድ ቫይንላንድ ትሉን ሺስቶሶማ አለው፤ ሳይንሱም ይህን ስም መረጠ። ሕዝቡና ሆስፒታሉ ግን ቢልሃርዚያን አልተወም። ጀርመኖች የስሙን የመጨረሻ ፊደል ትስ ብለው ያነቡታል። ዐረብኛ በሲን ስለሚጽፈው ቢልሃርስ፣ ቢልሃርሲያ ይላል፤ ጊዛ ያለው የቴዎዶር ቢልሃርስ የምርምር ተቋምም እንዲሁ ይጻፋል። የአማርኛው ዝ የእንግሊዝኛውን አነባበብ የተከተለ ይመስላል። ከጀርመንኛው ድምፅ ዐረብኛው ይቀርባል።

በሌላ በኩል በዐረብኛ አጭር አናባቢ ስለማይጻፍ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ቢል ይሁን ቡል አይለይም። የእኛ ፊደል አናባቢውን ይይዛል። የእኛ ችግር ሌላ ነው፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ እና ኃ በንባብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው። ቢልሃርዚያ ብሎ የፈለገ ሰው ቢልሐርዝያ ተብሎ የተጻፈውን የጤና ምክር ላያገኘው ይችላል። ልጁ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ላየ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በኢትዮጵያ

ቢልሃርዝ የገለጸው፣ የሽንት ፊኛን የሚጎዳው ዓይነት፣ በአዋሽ ሸለቆና በመሳሰሉ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። በብዛት የሚታየው ግን አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ማንሶኒ ነው፤ ይህኛው የተሰየመው በስኮትላንዳዊው ሐኪም በፓትሪክ ማንሰን ነው። ማንሶኒ በደቡብ ምዕራብ በሚዛን አማን ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይም ተገኝቷል። ስለዚህ የሚዛን ተፈሪ ልጅ ቢልሃርዚያ አለብህ ሲባል የያዘው ትል ቢልሃርዝ በ1851 ከገለጸው የተለየ ነው። ሁለቱም በንጹሕ ውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድገው ውኃ ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ በኩል ያልፋሉ፤ ሁለቱንም ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ይገድላቸዋል።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። የእንዶድ ምርምር ከዚያ ተጀመረ።