መርቆሬዎስ የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደብረ ወርቅ የወጣ ሰው፥ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ስለምትባለው የማርያም ሥዕል ሳይሰማ አይመለስም። እንዲህ የሚባልላቸውን ሥዕሎች ፍለጋ በጎጃም አድባራት የተዘዋወረችው ተመራማሪ ዲያና ስፔንሰር ሌላም ነገር አገኘች፤ በዋፋ ኢየሱስ የአንድ ቬኒሳዊ ስም የተጻፈበት ሥዕል። ይህንንም በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አወጣችው።

ሰውዬው ኒኮሎ ብራንካሌዮን ነው። በ1480 ገደማ፥ በዐፄ እስክንድር ዘመን ወደ አገራችን ገባ። አባቶቻችንም መርቆሬዎስ አሉት።

የመጣበት ጊዜ ያስገርመናል። በእነዚያው ዓመታት ሮማ ላይ የኔሮን ቤተ መንግሥት ከመሬት በታች ተገኝቶ፥ ሠዓሊዎች በገመድ እየወረዱ በጣራው ላይ ያለውን ሐረግ፥ ቅጠልና ግማሽ አውሬ ግማሽ ሰው የሆነውን ጌጥ ይገለብጡ ጀመር። ከዚያም በመዳብ ላይ እየቀረጹ በወረቀት አተሙት፤ የጥንቱ የሮማውያን ጌጥም በርካሽ ወረቀት አውሮፓን ዞረ። ከቀራጮቹ አንዱ የሞዴናው ኒኮሌቶ በ1507 ስሙን እዚያው ግድግዳ ላይ ጭሮ ትቷል። የእኛው ኒኮሎ ግን ያ ፋሽን ሳይደርስበት የወጣ ነው፤ በእጁ የያዘው የቆየውን የቬኒስ አሣሣል ነበር። ወደ አውሮፓ ከተሞች ጥበቡ በወረቀት ሲሄድ፥ ወደ እኛ በሰው መጣ። ወረቀት ደግሞ አይከራከርም፤ ሰው ግን ከባለ አገሩ ጋር መስማማት አለበት።

አለመስማማቱም አልቀረም። አትሮንሰ ማርያም በተባለችው ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ እንደ ታቀፈች አድርጎ ሣለ። በጣልያን ይህ የተለመደ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ለእንግዳ ዋንጫ በግራ እጅ ማቀበል እንኳ ነውር ነው፤ ጌታን በግራ ማስያዝማ እንዴት ይሆናል! ሕዝቡ ታወከ፤ ሥዕሉም ይጥፋ ተባለ። ንጉሡ ግን ሠዓሊውን ይወደው ነበርና ሥዕሉ ባለበት እንዲቆይ አዘዘ።

ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 የመጣው ቄስ አልቫሬዝም ስለ ሠዓሊው ጽፏል። ብራንካሌዮንን ሲያገኘው ሰውዬው በአገራችን አርባ ዓመት ያህል ኖሮ፥ ከእስክንድር በኋላ ናዖድን አሳልፎ፥ በልብነ ድንግል ዘመን የተከበረ ጌታ ሆኖ ነበር። ሠዓሊ ሆኖ ሳለ ጌታ መሆኑ አልቫሬዝን ሳያስደንቀው አልቀረም። ባለ እጅን መናቅ የእኛ በሽታ ብቻ ነው ለምንል ተማሪዎች ይህ ጥሩ መልስ ነው።

ከጓደኞቻችን መካከል፥ እንዲህ ያለው ሥራ የፈረንጅ ስለ ሆነ አያገባንም የሚሉ አሉ። ሥዕልን ፈረንጅ አስተማረን የሚሉም አይጠፉም። የኋለኞቹ ፍሬ ጽዮንን ረስተዋል። ብራንካሌዮን ባሕር ከመሻገሩ በፊት፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ ፍሬ ጽዮን በጣና ገዳማት የእመቤታችንን ሥዕል ይሥል ነበር። ለሥዕሏ ስግደት ይገባል ብለው ሥርዐት ያወጡትም ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ቬኒሳዊው እንጀራ ያገኘው በዚሁ ሥርዐት ነው። የፊተኞቹ ደግሞ ወደ ጎጃም ይውጡ። የጌቴሴማኒ ማርያምን ግድግዳ የሣለው እርሱ ነው ይባላል፤ ካህናቱም ሥራውን እንደ ራሳቸው ንብረት ጠብቀው ለእኛ ዘመን አድርሰውታል።

አትሮንሰ ማርያም ግን በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለች። 

የታተመው ወረቀት ከዚያ በኋላ መጣ። በ1590 እና በ1591 ሮማ ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፥ ከቴምፔስታ ሥዕሎች ጋር በኢየሱሳውያን ዘመን ወደ አገራችን ገባ፤ የጎንደር ሠዓሊዎችም ከእርሱ ቀዱ። ሲቀዱም የሮማውን ጥላና ርቀት ጣሉት፤ ለፊቶቹም ትልልቁን የሐበሻ ዓይን ሰጧቸው።