ፍሮዝን ሾልደርን ስም ያወጣለት ሐኪም

የዶርዜ ሸማኔ ትከሻው አልንቀሳቀስ ቢለው ሥራው ቆመ ማለት ነው፤ መወርወሪያውን የሚልከው በክንዱ ነዋ። ይህን በሽታ ፍሮዝን ሾልደር (የደረቀ ትከሻ) ብሎ የሰየመው የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ነው፤ በ1934 ዓ.ም. ባሳተመው የትከሻ መጽሐፉ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው)።

ኮድማን በ1869 ተወለደ። ሐርቫርድ ተምሮ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ገባ። እዚያ ግን አንድ ጣጣ አመጣ፦ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ሁሉ ከዓመት በኋላ ይታይ፣ ካልዳነም ለምን እንዳልዳነ ይጻፍ አለ። ባልደረቦቹ አልወደዱለትም። በ1914 ለቀቀ። ቀድሞ በከፈታት የራሱ ትንሽ ሆስፒታል ከ1911 እስከ 1916 ከታከሙት 337 ሰዎች ላይ 123 ስህተት መዝግቦ አሳተመ። የገዛ ቤቱን ስህተት! ዛሬስ ስንቱ ይደፍረዋል?

በደረቀው ትከሻም አልተኩራራም፤ በሽታውን ማስረዳትም ማከምም እንደሚከብድ፣ አብዛኛው ሰው ግን ቀስ እያለ እንደሚሻለው ጻፈ። ጎንበስ ብሎ ክንድን እንደ ፔንዱለም የማወዛወዝ እንቅስቃሴ እስካሁን በስሙ ይጠራል። ኦፕራሲዮን የሚመጣው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ነው፤ አሁን በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው የወፈረውንና የተኮማተረውን የመገጣጠሚያ ሽፋን ይቆርጡታል። ስኳር ያለባችሁ፣ በሽታው እናንተ ላይ ይበረታልና ሳይቆይ ታዩ።

ኮድማን በ1940 በካንሰር ሞተ። መቃብሩ ላይ የስም ድንጋይ የቆመለት በ2014 ነው።